ከሁዳዴ እስከ ሃምሳው፦ ሆድን አንድ በአንድ መጠየቅ

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ጅጋም ሆነ ማንኩሳ፣ ከምግብ በኋላ ሆዱን የሚነፋው፣ የሚቆርጠው ወይም ቶሎ ቶሎ ወደ ሜዳ የሚያስሮጠው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ጨጓራ ነው» ይባላል። መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ኦሜፕራዞል ይገዛል፤ በርበሬ ይቀንሳል፤ ጠዋት ጠዋት የተልባ ውሃ ይጠጣል። ጥቂት ቀን ሻል ይለውና ይመለስበታል። እንዲህ እየተመላለሰ ዓመታት ከሄዱ በኋላ አንድ ቀን ሐኪም «ወተት አይስማማህም» ወይም «ስንዴ ተው» ይለዋል። ያኔ ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል፦ ታዲያ ምን ሊበላ ነው?

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ለምዕራብ ጎጃም ሰው ከባዱ ጥያቄ ይህ አይደለም። ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ በቆሎው፣ ድንቹ፣ ሽምብራው፣ ኑጉ እዚያው ደጁ አለ። ከባዱ «በእርግጥ የማይስማማኝ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሳያጣራ ምግብ መቁረጥ የጀመረ ሰው ወተቱንም፣ ዳቦውንም፣ ሽሮውንም፣ ሥጋውንም አንድ በአንድ ትቶ ከስቶ ይገኛል፤ ሕመሙ ግን አብሮት አለ። የማጣሪያው መንገድ ደግሞ ከምናስበው በላይ ቅርባችን ነው፤ በየዓመቱ በምንጾመው ጾምና በምንፈስከው ፍስክ ውስጥ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ግን ነገሮቹ አይደባለቁ። ምግብ ሰውን የሚያሳምመው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አለርጂ አለ፤ ሰውነት ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈርና ዓይን ያብጣል፣ ሽፍታ ይወጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ይህ ለምርምርም ለምክክርም ጊዜ አይሰጥም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። አለመስማማት የምንለው ሌላ ነው። አንጀት ያንን ምግብ የሚሰባብርበት ኤንዛይም ሲያንሰው ወይም ምግቡ በደንብ ሳይመጠጥ ወደ ታች ሲወርድ የሚመጣ ነው። ያሰቃያል እንጂ አይገድልም፤ መጠንም ይለውጠዋል፤ በሲኒ ያላመመው በብርጭቆ ሊያመው ይችላል። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ከሁለቱም ይለያል፤ በስንዴ፣ በገብስና በመሰል እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የሰውነትን መከላከያ አስነስቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ያስጠቃዋል። እዚህ ላይ ትንሽም ብትሆን ትጎዳለች፤ ሰውየው ያን ቀን ምንም ባይሰማው እንኳ።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ መርዝ አለ። የመርዝ ጠባዩ ሰው አለመምረጡ ነው። የቡሬና የሰከላ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ግብጦን ቀቅሎ ወይም ቆልቶ ለቀናት በወራጅ ውሃ እየዘፈዘፈ መራራውን ሳያስወጣ ወደ አፉ አያስጠጋውም። ጓያም እንዲሁ ነው፤ እህል ጠፍቶ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚሁ ነው። በዚያው አሥርት መጨረሻ ወሎ ውስጥ ደግሞ ከገብስ ጋር በተቀላቀለ ስናር ላይ የበቀለ ሻጋታ ሰዎችን እግራቸውን እስከማጣት አድርሷቸዋል። ስለዚህ አንድ ቤት ሙሉ ወይም አንድ ጎጥ አብሮ ከታመመ ጉዳዩ የእገሌ ሆድ አይደለም፤ እህሉ ወይም ውሃው ነው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መነገር አለበት። አለመስማማት ከአንድ መሶብ ከበሉት መካከል አንዱን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነው።

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ። ውጭ አገር አንድ ታካሚ ወተት አይስማማው እንደሆነ ለማወቅ ሐኪሙ «ለጥቂት ሳምንታት ፈጽሞ ተው፤ ከዚያ መልሰህ ሞክር» ይለዋል። ሰውየው የሚበላውን ሁሉ እየመዘገበ፣ የእያንዳንዱን ማሸጊያ ጽሑፍ እያነበበ ይቸገራል። እኛ ዘንድ ይህ ሥራ ማንም ሳያዝዘው በየዓመቱ ይፈጸማል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላልና ሥጋ ከጎጃም ቤት ይጠፋሉ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። 55 ቀን ያለ ወተት፣ 50 ቀን ከወተት ጋር ማለት ነው። ይህን ያህል ረጅምና ንጹሕ ማነጻጸሪያ የትኛውም ክሊኒክ ለታካሚው አያዘጋጅለትም።

ስለዚህ ሆዱን የሚያመውን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «በየትኛው ወቅት ይብስብሃል?» ብዬ ነው።

በሁዳዴ ደህና ሆኖ በፍስክ የሚታመም ሰው ዓይኑን ወደ ወተት ማዞሩ ትክክል ነው። ሆኖም ቅባት የበዛበት ምግብ ከበላ በኋላ በቀኝ በኩል ከጎድን ሥር ጀምሮ ወደ ትከሻ የሚወጋው ከሆነ ወተቱን ትቶ ስለ ሐሞት ጠጠር ይጠይቅ፤ ከ55 ቀን በኋላ በቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ ያንን ሕመም ለመቀስቀስ ይበቃል።

በፍስክ ደህና ሆኖ በጾም የሚታመም ሰው ታሪኩ ተቃራኒ ነው። ለእሱ ወተት ምንም አላደረገውም። በጾም የሚጨምረው ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ባቄላና ብዙ ቀይ ሽንኩርት ነው፤ በዚያ ላይ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል አለ። በጥራጥሬ ውስጥ ራፊኖስን የመሳሰሉ ስኳሮች አሉ፤ እነዚህን የሚሰባብር ኤንዛይም በማንም ሰው አንጀት ውስጥ የለም። ሳይፈጩ ወደ ደንዳኔ ይወርዳሉ፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፤ ጋዝ ይፈጠራል። በሁሉም ሰው ላይ ይሆናል፤ ልዩነቱ የአንዱ አንጀት ለመነፋት ከሌላው ይልቅ ስሜተኛ መሆኑ ነው። እናቶቻችን ባቄላውን ዘፍዝፈው ውሃውን የሚደፉት፣ አብቅለው በቆልት የሚያደርጉት፣ ለሽሮው ገለባውን የሚለዩት ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ከዚያ ስኳር ወይም ከሚያስቸግረው ገለባ ይቀንሳል። ይህ ሰው ጥራጥሬ መተው የለበትም፤ ቢተው በጾም ፕሮቲን ከየት ያገኛል? አሠራሩንና መጠኑን ይለውጥ፤ በሽሮው ላይ የሚገባውን ሽንኩርት ቀንሶ ይሞክር።

በጾምም በፍስክም እኩል የሚታመመው ሦስተኛው ሰው ነው ብዙ ልፋት የሚጠይቀው። ለእሱ ተጠርጣሪዎቹ ወቅት የማይለውጣቸው ነገሮች ናቸው፦ ዳቦው፣ ጠላው፣ የእንጀራው ቅይጥ፣ የሚጠጣው ውሃ፣ በአንጀቱ ያደረ ተሕዋሲ።

ማነጻጸሪያውን የሚያበላሸው የፋሲካ ዕለት ነው። በአንድ ሌሊት ዶሮው፣ ቅቤው፣ አይቡ፣ ጥሬ ሥጋው፣ ጠላው፣ አረቄው አብረው ይገባሉ፤ ሰኞ ሆዱ ሲጮኽ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ይክሰስ? እንኳን የማይስማማው ያለበት፣ ጤነኛውም ያን ቀን ይታወካል። የፋሲካን ደስታ ማንም እንዲቀንስ አልመክርም። ግን ሃምሳው ረጅም ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ጥቂት ቀን ሆዱን በለመደው ምግብ አሳርፎ፣ አንድ ጠዋት ሌላ ነገር ሳይበላ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት ይጠጣና እስከ ቀትር ይጠብቅ። በሌላ ቀን ይድገመው። ሌላ ሳምንት እርጎ፣ ሌላ ሳምንት አይብ። ወተቱ መፍላቱን አደራ የምለው ላክቶስ ስለሚጠፋ አይደለም፣ ላክቶስ በማፍላት አይጠፋም፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ስለሚያስተላልፍ ነው።

የወተቱ ጉዳይ ራሱ ትንሽ ዘርዘር ማለት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ጎልማሳ ሆኜ እንዴት አዲስ በሽታ መጣብኝ?» ብሎ ይጨነቃል። ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል ላክቴዝ የተባለ ኤንዛይም ይዞ ይወለዳል፤ የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ የሚሰባበረው በዚህ ነው። ጡት ከጣለ በኋላ ላክቴዙ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በዓለም ላይ ካለው ጎልማሳ ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንዲህ ነው፤ ስለዚህ ይህ የሰው ልጅ ነባር ተፈጥሮ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ወተት እስከ እርጅና የሚስማማቸው ሰዎች ናቸው በዘረመላቸው ላይ ለውጥ ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን ዘንድ ያለውን ለውጥ አገኙ፤ በ2007 በዘረመል ተመራማሪዋ በሳራ ቲሽኮፍ የተመራ ቡድን የምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢዎች ሌሎች ለውጦች እንዳሏቸው አሳየ። በ2013 የታተመው በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ እኛ ዘንድ አንድ ሳይሆን በርካታ የተለያዩ ለውጦች ጎን ለጎን እንደሚገኙ አረጋገጠ። ይህ ማለት ወተት የሚስማማውና የማይስማማው በአንድ አገር፣ በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ እናት ልጆች መካከል እንኳ ተቀላቅሎ ይገኛል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ዘግይቶ ይታወቃል? በገጠሩ ጎጃም ጎልማሳ ሰው ወተት በብርጭቆ የመጠጣት ልማዱ ጠባብ ነው። ወተቱ ለሕፃናት ነው፤ የቀረው ይረጋል፣ ይናጣል፤ ቅቤው ለወጥ፣ ለፀጉርና ለገበያ ይሄዳል፤ አሬራው ተሞቆ አይብ ይወጣዋል። ላክቶሱ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይፈሳል። በዚህ አኗኗር ያደገ ሰው ሆዱ ተፈትኖ አያውቅም። ያ ልጅ ፍኖተ ሰላም ወይም ባህር ዳር ገብቶ ጠዋት ማኪያቶ፣ ከሰዓት በኋላ ትኩስ ወተት ሲጀምር የነበረው ነገር ይገለጥበታል። አዲስ የሆነው ሕመሙ ሳይሆን ወተቱ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው ሁሉንም መተው አያስፈልገውም። አንድ ብርጭቆ ወተት 12 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው፤ ላክቴዝ ከሚያንሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ያህል፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ፣ ያለ ብዙ ችግር ይችሉታል። ቅቤና በተለይ የተነጠረ ቅቤ ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል። በደንብ የተጠለለ አይብ ጥቂት ነው ያለው። እርጎ በመካከል ነው፤ ያረጋው ባክቴሪያ ከስኳሩ የተወሰነውን በልቶለታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ያልረጋው ወተት ነው፤ አሬራውና አጓቱም ላክቶስ አላቸው። ለአጥንት የሚያስፈልገው ካልሲየም የሚያሳስበው ሰው ደግሞ ወደ ዳጉሳ ይመልከት፤ በ100 ግራም ከ300 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ያለው እህል ነው፤ ከጎጃም ማሳ ጠፍቶም አያውቅም። ዳጉሳን የድሃ እህል እያሉ ማቃለል የሚያሳዝነኝ በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። የወተት አለመስማማት ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል። ጃርድያ የሚባለው ተሕዋሲ በተበከለ ውሃ ገብቶ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ላክቴዝ የሚመረተው እዚያው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ኤንዛይሙ ይመናመናል። ሰውየው ወተት በጠጣ ቁጥር ይነፋል፤ ወተቱን ይከሳል፤ እውነተኛው ጥፋተኛ ግን ጃርድያው ነው። ሲታከም ግድግዳው በሳምንታት ውስጥ ያገግማል፤ ወተቱም ብዙ ጊዜ መልሶ ይስማማል። ከሌላ ከባድ ተቅማጥ በኋላም ይህ ይደርሳል። ጃርድያ በሰገራ ውስጥ በየቀኑ አይታይም፤ አንድ ጊዜ ተመርምሮ «ነፃ ነህ» የተባለ ሰው በተለያዩ ቀናት እስከ ሦስት ጊዜ ቢሰጥ ይሻላል። በእኛ አገር «ምግብ አልስማማ አለኝ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ምርመራ ርካሹ የሰገራ ምርመራ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ስንዴ ከባዱ ምዕራፍ ነው። ሴሊያክን ከስንዴ ጋር ያገናኘው የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካሬል ዲከ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ከስንዴ የተከለከሉ ሕፃናት ሲያገግሙ ያይ ነበር፤ በጦርነቱ ማብቂያ አገሩ በረሃብ ተመትታ ዳቦ ሲጠፋ እነዚያ ልጆች አልባሱም፤ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1950 በመመረቂያ ጽሑፉ አቀረበ። ዛሬ ስንዴ ዋና ምግብ በሆነባቸው በብዙ አገሮች ከ100 ሰው አንዱ ገደማ ይህ ሕመም አለበት። የነጮች በሽታ ነው የሚለውን የሚያፈርስ ማስረጃም አለ፤ በ1999 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በምዕራብ ሰሃራ ሕፃናት ዘንድ 5.6 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ተቅማጥና መክሳት ብቻም አይደለም መገለጫው፤ ለምን እንደሆነ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ የልጅ አለማደግ፣ የማያቋርጥ ድካም ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሕመም መድኃኒቱ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው፤ እዚህ ላይ ነው አገራችን ባለጸጋ የምትሆነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የላይደን ተመራማሪዎች ጤፍን መርምረው ሴሊያክ ያለበትን ሰው የሚጎዳው ዓይነት ግሉተን እንደሌለበት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን አስነበቡ። ከዚያ ወዲህ ጤፍ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው ውድ ምግብ ሆነ፤ በ2007 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት እስከማግኘት ደረሰ፤ ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ አደረገው። ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ሩዝም ግሉተን የለባቸውም። ጎጃሜ ጤፍን ከዳጉሳ ወይም ከበቆሎ ጋር ቀይጦ የሚጋግረው እንጀራ፣ በሌላ አገር በውድ የሚገዛው የሕሙማን ምግብ ማለት ነው።

በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ችግሩ ያለው ወፍጮ ቤት ነው።

ጤፉን ይዛ የሄደች ሴት ተራዋ ሲደርስ ከእሷ በፊት የተፈጨው የማን ምን እንደሆነ አትቆጣጠርም። ከፊቷ ስንዴ ካስፈጩ በድንጋዩ መካከልና ዱቄቱ በሚወርድበት ጨርቅ ውስጥ የቀረው ወደ እሷ ጆንያ ይገባል። ሒሳቡን እንሥራው። 50 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ፣ በ20 ኪሎ ጤፍ ውስጥ ቢቀላቀል፣ ከስንዴ ዱቄት 10 በመቶ ገደማው ግሉተን ነው ብንል 5 ግራም ግሉተን ነው፤ በኪሎ ሲካፈል 250 ሚሊግራም ይሆናል። ግሉተን የለበትም ለሚባል ምግብ ዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃ የሚፈቅደው በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። ከአሥር እጥፍ በላይ አለፈ ማለት ነው። ሰውየው «ጤፍ ብቻ እየበላሁ አልተሻለኝም» ሲል ጤፉን አይጠርጥር፤ ወፍጮውን ይጠርጥር።

መፍትሔው አለ፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። ከባለወፍጮው ጋር ተነጋግሮ ከበቆሎ ወይም ከዳጉሳ ቀጥሎ ማስፈጨት ይቻላል፤ በቡሬና በጃቢ ጠህናን በቆሎ የማይፈጭበት ቀን ብርቅ ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን ሁለት ሦስት ኪሎ ለይቶ ለቀሪው ቤተሰብ ማድረግ ይቻላል። እህሉንም ከማስፈጨት በፊት ደጋግሞ ማበጠርና መንፋት ያስፈልጋል፤ ገብስና ስንዴ በተወቃበት አውድማ የተወቃ ጤፍ ንጹሕ አይደለም፤ ደግነቱ የጤፍ ፍሬ ከስንዴው እጅግ ስለሚያንስ በወንፊት መለየቱ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ቡሃቃው ነው የሚረሳው። ትናንት የድፎ ዳቦ ሊጥ የተቦካበት ቡሃቃ ዛሬ ለጤፍ ሊጥ ሲውል፣ ወይም እርሾ የገብስ እንጀራ ከምትጋግር ጎረቤት ሲመጣ፣ የተባረረው በጓሮ በር ይመለሳል። ለጤፉ የራሱ ዕቃና የራሱ እርሾ ያስፈልገዋል። ከተማ ውስጥ ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ደግሞ ጤፍ በተወደደ ቁጥር ምን እንደሚቀላቀልበት ሻጯም ላታውቀው ትችላለች።

ጠላም ከዚህ ውጭ አይደለም። አሻሮው የበቆሎ ወይም የዳጉሳ ቢሆን እንኳ ብቅሉ አብዛኛውን ጊዜ የገብስ ወይም የስንዴ ነው፤ ሴሊያክ ላለበት ሰው አይሆንም። በሶና የገብስ ገንፎም እንዲሁ። ለቡና ቁርስ የሽምብራ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የተቀቀለ ድንች፣ የበቆሎ ንፍሮ ይበቃዋል፤ ቆሎው ግን ከገብስ ጋር ያልተቀላቀለና ለብቻው የተቆላ ይሁን።

ዳቦ ሲበላ የሚነፋው ሁሉ ግን ሴሊያክ የለበትም፤ አብዛኛው የለበትም ብል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦስሎ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ ሴሊያክ ሳይኖርባቸው ከግሉተን የሚሸሹ ሰዎችን ሳያውቁ ግሉተንና ፍሩክታን ለየብቻ አብልቶ ነበር። የባሰባቸው ፍሩክታኑ ነው። ፍሩክታን በስንዴ ውስጥ ያለ የስኳር ሰንሰለት ነው፤ በቀይና በነጭ ሽንኩርትም በብዛት አለ። ለእኛ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነውና። ዳቦ ትቶ ያልተሻለው ሰው ቁሌቱን ይጠይቅ። እንዲህ ያለው ሰው ለወፍጮ መጨነቅ አያስፈልገውም፤ መጠን መቀነስ ይበቃዋል። ሁለቱን ሰዎች መለየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ዕድሜ ልኩን ከዱቄት ብናኝ ሲጠነቀቅ ሌላው ያለ ምክንያት ራሱን ከድፎ ዳቦ ይለያል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጠብታ ደም የመቶ ምግብ አለመስማማት ይነግራል የሚባል ምርመራ ይጠቁማሉ። አይጂጂ (IgG) በተባለው የደም ፀረ-አካል ላይ የተመሠረተውን ይህን ምርመራ የአውሮፓ የአለርጂ ባለሙያዎች አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዚህ ተግባር እንደማይመክረው በግልጽ አስታውቋል፤ የሚያሳየው ሰውየው ያንን ምግብ መብላቱን ነው። ያ ገንዘብ ለሌላ ይዋል።

ስለ ሰው እንናገር። በጎጃም መብላት ከሰው ጋር ነው፤ ዝክሩ፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ሠርጉ፣ ተዝካሩ አለ። «አልበላም» ማለት ናቀኝ፣ ጠረጠረኝ ያሰኛል። ከሰው ቤት በልቶ የታመመ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው ይባልለታል፤ ጥርጣሬው አንዲት ምስኪን ጎረቤት ላይ ያርፋል። ጠጥቶት የመጣው አሬራ እንደሆነ ያወቀ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚያድነው፤ የዚያችን ሴት ስምም ያድናል። ይህ ለእኔ ከማንኛውም የምግብ ዝርዝር ይበልጣል።

እንዴት ይነገራል? አስቀድሞ፣ በአክብሮት፣ የሚቻለውን አብሮ በመጥቀስ። «እማማ፣ እጅዎን ንቄ አይደለም፤ ስንዴ ሐኪም ከልክሎኛል። የጤፍ እንጀራ በሽሮ ካለዎት እሱን ይስጡኝ።» መልሱ ብዙ ጊዜ «እኔን ልጄን! ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ፣ ለብቻ አስቀርልህ አልነበር?» ነው። ሕዝባችን የሚከፋው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሲቀር ነው፤ ምክንያቱን ካወቀ የራሱን ትቶ ለእንግዳው ያዘጋጃል። ወተት የማይስማማው ሰው ከጋራ መሶብ ቢቆርስ ምንም አይሆንም። ሴሊያክ ያለበት ግን በሣህን ለብቻ ይቅረብለት፤ ዳቦ የቆረሰ እጅ ያጎረሰው ጉርሻም በፍቅር ይቅርበት። ይበልጥ የምታሳዝነኝ አዲስ ሙሽራ ሆና በአማቷ ቤት ጠዋት ማታ ስንዴ የምታቦካና የምትጋግር፣ ሆዷን ሲያማት ግን ለመናገር የምታፍር ወጣት ናት። ባሏ አውቆ ካልተናገረላት ማን ይናገርላታል?

በልጆች ላይ ግን ሙከራ የለም። በተቅማጥ ምክንያት የእናት ጡት አይቋረጥም፤ በጡት ወተት ውስጥ ላክቶስ ቢበዛም ሕፃኑ የሚሰባብርበትን ይዞ ተወልዷል። የማያድግ፣ የገረጣ፣ ሆዱ የተነፋ ልጅ ምግብ ሳይቀነስበት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አዋቂም ቢሆን ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ ሃምሳውን አይጠብቅ።

ሴሊያክ የተጠረጠረበት ሰው መጨረሻው የደም ምርመራ፣ አንዳንዴም በኢንዶስኮፒ ከአንጀት ናሙና መውሰድ ነው። ለዚህ ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተጽፎለት ወደ ባህር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል፣ ሊሄድ ይችላል፤ በእነዚህ ዓመታት መንገዱ እንደልብ የሚኬድ ስላልሆነ ጉዞው ከንቱ እንዳይቀር አንድ ነገር ይወቅ። ምርመራው የሚይዘው ሰውነት ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ ነው፤ ስንዴ ትቶ የሰነበተ ሰው ደሙ «የለብህም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለስድስት ሳምንታት በየቀኑ ከአንድ ጊዜ በላይ ስንዴ ያለበት ምግብ መብላት ያስፈልገዋል። አስቀድሞ ትቶ ተሽሎት ከነበረና መልሶ መብላቱ በጣም የሚያሳምመው ከሆነ፣ ሳምንታቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ያሳጥር፤ ናሙናው ሳይወሰድ ግን ዳቦውን አያቋርጥ።